ከአሰላ እስከ አዲስ አበባ ቪፒኤኑ የት ላይ ተበጠሰ?

አሰላ ባንክ የገባ ሰው «ሲስተም የለም» ተብሎ መመለስን ያውቀዋል። ሲስተሙ ግን አዲስ አበባ ላይ ደህና ሥራውን እየሠራ፣ የተበጠሰው ቅርንጫፉን ከማዕከሉ የሚያገናኘው መስመር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለውን የቪፒኤን መስመር ከኢትዮ ቴሌኮም ይከራያሉ።

ከኮቪድ ወዲህ ይኸው ነገር በትንሹ ሳሎን ገብቷል። ከዋና ከተማው 175 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከጭላሎ ግርጌ ቤቷ ሆና የዋናውን መሥሪያ ቤት የሂሳብ ፋይል ልትከፍት የተነሳች ሠራተኛ እናስብ። «ኮኔክት» የሚለውን ትጫናለች፤ ክቧ ትሽከረከራለች፤ በመጨረሻ አንድ ቁጥር ብቅ ይላል። ብዙ ሰው ቁጥሩን ሳያይ መስኮቱን ዘግቶ እንደገና ይሞክራል። መልሱ ያለው ግን እዚያው ቁጥር ላይ ነው።

በዊንዶውስ 868 ከሆነ ላፕቶፑ የሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ መተርጎም አቅቶታል፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቤቱ ኢንተርኔት ነው። 691 የስም ወይም የይለፍ ቃል ጉድለት ነው። ይህ እንዲያውም ደስ የሚል ስህተት ነው፤ መልእክቱ አዲስ አበባ ደርሶ በር ላይ ተመልሷልና። አስቸጋሪው 809 ነው፦ ሰርቨሩ አልመለሰም። ብዙ የመሥሪያ ቤት ቪፒኤኖች በ500 እና በ4500 ቁጥር ፖርቶች ስለሚያልፉ፣ መሃል ላይ ያለ ራውተር ወይም ፋየርዎል እነዚህን ከዘጋ ፌስቡክ እየተከፈተም ቪፒኤኑ ጸጥ ይላል። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚጠቅመው ሙከራ ነፃ ነው ማለት ይቻላል፦ ዋይፋዩን ትቶ በስልክ ሆትስፖት መሞከር። በስልኩ ከሠራ ችግሩ የቤቱ ራውተር ወይም መስመር ላይ ነው። በሁለቱም እምቢ ካለ ጥርጣሬው ወደ ላፕቶፑና ወደ መሥሪያ ቤቱ ይዞራል።

ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ያልተጠረጠረ ተቀናቃኝ ሊኖር ይችላል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በተገደቡበት ወቅት ነፃ ቪፒኤን ያልጫነ ወጣት ማግኘት ያስቸግር ነበር። ያኔ የተጫነው ዛሬም ከጀርባ እየሠራ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ ቪፒኤን ጋር መንገድ ይሻማል። ማጥፋት ነው። ኢንተርኔቱ ራሱ ሲዘጋ ግን የትኛውም ቪፒኤን አያድንም፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል አገሪቱ ኢንተርኔት ባጣችበት ጊዜ የሚያልፍበት መስመር አልነበረም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጣጣ ለእኛ አገር ሰው የተለየ ነው፦ ሰዓት። ቪፒኤን የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው የሚጸናበት ቀን በተጻፈበት ሰርተፍኬት ነው። የውስጥ ባትሪው የሞተ አሮጌ ላፕቶፕ መብራት ሲቋረጥ ቀኑን ይስታል። ባለቤቱ በእጁ ሲያስተካክል ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ካስገባ ኮምፒውተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የዛሬው ሰርተፍኬት ገና ያልተወለደ ይመስለዋል። ጉግል ሳይቀር «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ካለ ቀኑን ማየት ነው። የሰዓት ክልል ሲመረጥም ዊንዶውስ አዲስ አበባን አይዘረዝርም፤ ናይሮቢን መምረጥ ይበቃል፣ ሰዓቱ አንድ ነው። አንዳንድ ቪፒኤን ከይለፍ ቃሉ ጋር የሚጠይቀው፣ በስልክ መተግበሪያ የሚወጣው በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ኮድም ከሰዓት ተሰልቶ ስለሚወጣ፣ የስልኩ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ከሳተ ኮዱ ውድቅ ይሆናል።

«ኮኔክትድ» ብሎ ፋይሉ የማይከፈትበት ጊዜም አለ፤ ከሁሉም የሚያናድደው ይህ ነው። የተለመደው ምክንያት የቤቱ ራውተርና የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ሁለቱም በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ መያዛቸው ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት አበበ ሲኖር «አበበ!» ሲባል ቅርብ ያለው አቤት እንደሚለው፣ ላፕቶፑም የአዲስ አበባውን ሰርቨር ሲፈልግ ሳሎን ውስጥ ያለውን አድራሻ ያንኳኳል። መፍትሔው የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገብቶ አድራሻውን ለምሳሌ ወደ 192.168.77.1 መቀየርና እንደገና ማስነሳት ነው። ወደ አይቲ ክፍል የሚደወለው ይህ ሁሉ ታይቶ ካልሠራ ነው፤ ያኔም የስህተቱ ቁጥር፣ የተሞከረበት ሰዓትና የሆትስፖቱ ውጤት በወረቀት ተይዞ።