እውነት ወይስ ተረት? ዮጋ በደልን «ቻለው» ይላል?

ጭፍራ ከሚሌ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የአፋር ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደረሰባትና ነዋሪዋ ተፈናቀለ፤ የመከላከያ ሠራዊት መልሶ እንደያዛት የተነገረው ኅዳር 19 ቀን ነበር። ድርቁ ደግሞ ከጦርነቱ በፊትም ነበረ፣ ከጦርነቱ በኋላም አልለቀቀም። እንዲህ ባለ አገር ስለ ዮጋ ማውራት ለብዙ ሰው የጥጋብ ወሬ ይመስለዋል። ዮጋ ግን ከአዲስ አበባ ጂሞች አልፎ በስልክ ቪዲዮ ሠመራም ጭፍራም ይደርሳል። ጦርነትና መፈናቀል ለደረሰበት ሰው በሚሰጥ የሥነ ልቦና ድጋፍ ውስጥም «በረጅሙ ተንፍሱ፣ ትከሻችሁን አላሉ» ማለት ተለምዷል። ከልምምዱ ጋር ግን አንድ አደገኛ ሐሳብ ተደርቦ ይመጣል፦ ፍልስፍናው የደረሰብህን ተቀበል፣ አትቆጣ፣ አትጠይቅ ይላል የሚል። ለተበደለ ሰው ይህ ምክር ሁለተኛ በደል ነው።

«ዮጋ ሰውነትን ማጣጠፍ ነው።» ተረት። የዮጋ መሠረት የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ፣ የፓታንጃሊ የዮጋ ሱትራ፣ 196 ያህል አጫጭር አንቀጾች አሉት፤ ስለ አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። መንገዱ ስምንት ክፍል ሲኖረው፣ የመጀመሪያው ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚናገር ነው፦ አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ የሰው ገንዘብ አለመንካት፣ ራስን መግዛት፣ አለመስገብገብ። እስትንፋሱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጎረቤቱን የሚበድል ሰው ጠዋት ጠዋት በጭንቅላቱ ቢቆምም ዮጋውን ገና አልጀመረውም።

«ዮጋ የሠራ ሃይማኖቱን ለቀቀ።» አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት አፋር ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ዮጋ ከሂንዱ እምነት ጋር አብሮ ማደጉን መካድም አያስፈልግም። ነገር ግን በ11ኛው ክፍለ ዘመን የፓታንጃሊን መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ የመለሰው ሙስሊሙ ሊቅ አል ቢሩኒ ነው፤ ሐሳቡን መረመረ፣ እምነቱን ግን አልለወጠም። ዛሬም ቢሆን አንድ ወጥ መልስ የለም። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 አምልኮና ማንትራ (እየደጋገሙ የሚሉት ቅዱስ ቃል) ያለበትን ዮጋ ከለከለ፤ ሳዑዲ ዐረቢያ በ2017 እንደ ስፖርት ፈቀደችው። ሰው ከሼሁ ወይም ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ የሚወስነው ነገር ነው።

«አርብቶ አደሩ ነገ ምን እንደሚያመጣ በማይታወቅበት ኑሮ የሚመራበት ፍልስፍና የለውም፤ ከውጭ ያስፈልገዋል።» ይህኛው ያስቆጣኛል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ተባብለው አይተላለፉም። ሰላምታ ተለዋውጠው ቁጭ ይላሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ጸጥታው እንዴት ነው ይባባላሉ። ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ከእገሌ ሰማሁ» ብሎ መለየት ግዴታ ነው፤ የሐሰት ወሬ ያቀበለ ይጠየቅበታል። ዳጉ ማለት ይህ ነው። ከብቱን ወዴት እንደሚነዳ የሚወስን ሰው ውሳኔውን የሚያሳርፈው በዚህ ላይ ነው። ማበላለጥ አያስፈልግም፤ ዩኔስኮ ዮጋን በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ጉባኤ ሲሆን፣ የኦሮሞ ገዳ ሥርዓትም በዚያው ጉባኤ ተመዝግቧል። ጎን ለጎን ተቀመጡ እንጂ አንዱ የሌላው አስተማሪ ነው አልተባለም። ዳጉም ከማንም ዝቅ ብሎ የሚቆም አይደለም።

«ዮጋ ያለውን ተቀበል ይላል።» ዋናው ተረት ይህ ነው። ዮጋን ከሚያስተምሩት የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነው ብሃገቫድ ጊታ የሚጀምረው ዘመዳሞች ሊጋደሉ በተሰለፉበት ሜዳ ላይ ነው። ጦረኛው አርጁና በወዲያኛው ወገን አጎቶቹንና መምህሮቹን ያያል፤ አፉ ይደርቃል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ቀስቱ ከእጁ ያመልጠዋል። ትክክሉ የቱ እንደሆነ አያውቅም። የሚሰጠው መልስ «ተወውና ተቀመጥ» አይደለም፤ የሚገባህን ሥራ፣ ውጤቱን ግን በእጄ ካልያዝኩ አትበል የሚል ነው። መልሱን የሰጠው አምላክ ክሪሽና ተዋጋ ማለቱን አልደብቅም፤ ጦርነት ያለፈበት ሕዝብ ይህን ሲሰማ ቢከብደው አይፈረድበትም። የሕንድ የነጻነት ትግል መሪ ጋንዲ ግን ውጊያውን በሰው ልብ ውስጥ እንዳለ ትግል አድርጎ አነበበው። እንዲህ አንብቦም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ1930 የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሕንዶች የገዛ ባሕራቸውን ጨው እንዳያወጡ ከልክሎ ቀረጥ ያስከፍላቸው ነበር። ጋንዲ 24 ቀን፣ 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዞ ዳንዲ ባሕር ዳርቻ ላይ ጨው አነሣ። በተከተለው እንቅስቃሴ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ። ጊታን ወደ ጉጃራቲ የመለሰበት መጽሐፍ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። አፍዴራ ላይ ጨው ለሚያወጣ አፋር፣ ጨው ለምን የፍትሕ ጉዳይ እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላውም ወገን ይሰማ። በሕንድ የዘር መደብ «የማይነኩ» ይባሉ ከነበሩት የተወለደው የሕግ ሊቅ አምቤድካር እ.ኤ.አ. በ1927 ወገኖቹን ይዞ በማሃድ ከተማ ከተከለከሉት የውኃ ኩሬ ጠጣ። ጊታ የዘር መደቡን በፍልስፍና ይደግፋል ብሎም አጥብቆ ተችቷል፤ «የተወለድክበትን ሥራ ሥራ» የሚለው ትምህርት የበታች የተደረገውን እዚያው ለማቆየት አገልግሏልና። ትችቱ ትክክል ይመስለኛል። ስለዚህ «ታገስ» ሲባል የሚናገረው ማን እንደሆነ ማየት ያሻል። በደል የደረሰበት ሰው ለራሱ ቢለው ጉልበት ሊሆነው ይችላል፤ ካሳ መክፈል ያለበት ሲለው ግን ማምለጫ ነው።

«መተንፈስ ብቻውን ያድናል።» ግማሽ እውነት። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ከከባድ ጥቃት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውና ታክመው ያልተሻላቸው 64 ሴቶች ተሳትፈዋል። ለ10 ሳምንት ዮጋ ከሠሩት 52 በመቶዎቹ ከሕመሙ መለኪያ በታች ወርደዋል፤ የጤና ትምህርት ብቻ ካገኙት ግን 21 በመቶዎቹ። ትልቅ ልዩነት ነው። ሆኖም ዮጋው የቀረበው በሕክምና ላይ እንደ ተጨማሪ እንጂ በሕክምና ምትክ አልነበረም፤ በአፋር ደግሞ በጦርነቱ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የጭፍራን እናት «በረጅሙ ተንፍሺ» የሚላት ባለሙያ አላጠፋም። እሷም ተንፍሳ ስታበቃ «መድኃኒቱስ? ሐኪሙስ? የተዘረፈብኝስ?» ብትል ልምምዱን አላበላሸችም፤ ጥያቄዋም መልስ የሚሰጥ ባለሥልጣን ይፈልጋል።