ለመዝናኛ ተኩስ የቷ ጠመንጃ? ጥያቄው ከአውቶቡስ ተራ፣ መልሱ ከአቴንስ

አውቶቡስ ተራ ዙሪያ ኳስ ከሚያሳዩት ቤቶች በአንዱ ገብቶ የተቀመጠ ሰው ስለ ተኩስ ሳይሰማ አይወጣም። አጥቂው «ጥይት» ለቀቀ፣ አማካዩ «ዒላማውን» ሳተ፣ «መድፈኞቹ» ዛሬም ባሩዳቸው ረጠበ... የኳስ ወሬያችን ግማሹ የጦር ሜዳ ቋንቋ ነው። የአርሰናል ቅጽል ስም ደግሞ እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ክለቡን እ.ኤ.አ. በ1886 የመሠረቱት ዉልዊች በሚገኘው የእንግሊዝ መንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል አልፎ አልፎ ብቅ የምትል ጥያቄ አለች። «ለጦር ሳይሆን ለመዝናኛ፣ ቆርቆሮ መምቻ የምትሆን ቀለል ያለች ጠመንጃ የቷ ናት?» አሜሪካ ዘመድ ያለው ወዲያው «ሃያ ሁለት» የሚሏትን ይጠራል። ሌላው «እሷማ የወፍ ናት» ብሎ ያጣጥላታል። እስቲ እኛም ጉዳዩን እንደ ስፖርት እንየው።

«ሃያ ሁለት» ማን ናት?

ስሟ የመጣው ከጥይቷ ውፍረት ነው፤ 0.22 ኢንች፣ በእኛ መለኪያ 5.6 ሚሊ ሜትር። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚተኮሰው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1887 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ነው። አረሯ ብትመዘን ሁለት ግራም ተኩል ገደማ ነች። የክላሽ አረር ስምንት ግራም እንደሚጠጋ ስናስብ ልዩነቱ ይገባናል። ትከሻ አትገፋም፣ ድምጿ ከሌሎቹ ይቀላል፣ ጥይቷም ርካሽ ነው። ጀማሪ የሚማረው፣ ሻምፒዮናውም ሜዳሊያ የሚያገኘው በእሷ ነው።

በከፊል አውቶማቲክ የሆኑት ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኩሳሉ። የፍንዳታው ግፊት መዝጊያውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ባዶው ቀለህ ይወጣል፣ አዲሱ ጥይት ይጎርሳል። ተኳሹ የሚጠበቅበት እንደገና ቃታ መሳብ ብቻ ነው። በአሜሪካ ገበያ ለረጅም ዘመን እንደ ሪያልና ባርሳ ሲፎካከሩ የኖሩት ሁለት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣችው ማርሊን 60 እና በ1964 የተከተለቻት ሩገር 10/22። እያንዳንዳቸው በሚሊዮን የሚቆጠር ተሸጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ሩገር የማርሊንን ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛው። ተፎካካሪህን አስፈርመህ መገላገል ማለት ይኼ ነው!

ልዩነታቸው ካዝናው ላይ ነው። ሩገሯ አሥር ጥይት የሚይዝ፣ ተነቅሎ የሚወጣ ትንሽ ካዝና አላት። ማርሊኗ ግን ጥይቶቿን ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋ ረጅም ቱቦ ውስጥ ነው የምትደረድረው። ተነቅሎ የሚወጣው ካዝና ለመጫንም ለማራገፍም ይመቻል። ቱቦው ደግሞ የሚጠፋ ካዝና የለውም፤ ነገር ግን ባዶ መሆኑን ለማረጋገጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለቱም ጋ ያለው ወጥመድ ግን አንድ ነው። ካዝናው ተነቀለ፣ ቱቦው ተራገፈ ማለት ጠመንጃው ባዶ ነው ማለት አይደለም። አንዷ ጥይት ጎርሳ ልትቀር ትችላለች። «ባዶ መስሎኝ» የሚለው የጸጸት ቃል የሚመጣው ከዚህች ከአንዷ ነው።

ሻምፒዮኖቹስ ምን ይዘዋል?

የኳስ ተመልካች ይህን ቢሰማ ይገረም ይሆናል። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር ላይ ጥይቷ ያችው ሃያ ሁለት ናት፤ ጠመንጃው ግን ከፊል አውቶማቲክ አይደለም። አንድ ጥይት በእጅ ይጎርሳል፣ ይተኮሳል፣ እንደገና አንድ ይጎርሳል። የአሥር ነጥቡ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከሃምሳ ሜትር ላይ የሸሚዝ ቁልፍ እንደመምታት ቁጠሩት። እዚህ ፍጥነት ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው ትንፋሽ፣ ልብና የጣት ጫፍ ነው።

ለዚህ ከአሜሪካዊው ማቲው ኤመንስ የተሻለ ምስክር አይገኝም። አቴንስ 2004 ላይ ተኝቶ በመተኮስ ወርቅ ወስዶ ነበር። ከቀናት በኋላ በሦስት አቋቋም (ተንበርክኮ፣ ተኝቶና ቆሞ) በሚተኮሰው ውድድር የመጨረሻዋ ጥይት ስትቀር በ3 ነጥብ ይመራል። ሁለተኛውን ወርቅ ለማግኘት ተራ ተኩስ ይበቃው ነበር። አነጣጠረ፣ ተኮሰ፣ መታ! ችግሩ የመታው የራሱን ዒላማ ሳይሆን የጎረቤቱን የኦስትሪያዊውን መሆኑ ነው። ነጥቡ ዜሮ። ከአንደኛ ወደ ስምንተኛ ወረደ፤ ወርቁን ቻይናዊው ዢያ ዣንቦ አነሳው።

በዚህ አላበቃም። ቤይጂንግ 2008፣ ያው ውድድር፣ ያችው የመጨረሻ ጥይት፣ አሁንም ሰፊ መሪነት። ዒላማው ላይ በደንብ ሳይደርስ ጣቱ ቃታውን ነካ። 4.4 አመጣ፤ አራተኛ ሆነ። ሮቤርቶ ባጂዮ በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ኳሷን ወደ ሰማይ የሰደደባትን ቅጽበት የሚያስታውስ ይህን ሰው ይረዳዋል። ኤመንስ ግን ተመልሶ መጣ፤ ለንደን 2012 ላይ በዚያው ውድድር ነሐስ ወሰደ።

እንግዲህ የዓለም ምርጡ፣ በጸጥታ፣ በዳኛ ፊት፣ አንድ በአንድ እየተኮሰ የሰው ዒላማ ከመታ፣ አሥር ጥይት ያጎረሰ ጀማሪ ምን ሊያደርግ ነው? ቶሎ ቶሎ መተኮስ ያስደስታል፣ አያስተምርም። ስህተቱን ሳያይ ቀጣዩን ይለቃል።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ

አገራችን ውስጥ ጠመንጃና መዝናኛ ብዙም አብረው አይጠሩም። አባቶቻችን የፈረንሳዩን ግራ «ውጅግራ»፣ የእንግሊዙን ስናይደር «ስናድር» ብለው ስም ያወጡላቸው ቆርቆሮ ሊመቱባቸው አልነበረም። ዛሬ ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጦር መሣሪያ መያዝ፣ ማዘዋወርም ሆነ መነገድ ወንጀል ነው። «ትንሽ ናት፣ የወፍ ናት» የሚለው ማስተባበያ አያድንም። አውቶቡስ ተራ ማለት ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣ ሻንጣ የሚራገፍበት፣ የሚፈተሽበትም ቦታ ነው። በልብስ ተጠቅልላ የተገኘች ሃያ ሁለት ባለቤቷን ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ጣቢያ ነው የምትወስደው።

ሌላም ነገር አለ። ይህችን «ቀላል» ጥይት የሚያመርቱት ኩባንያዎች ራሳቸው አደጋዋ እስከ አንድ ማይል ተኩል፣ ወደ 2.4 ኪሎ ሜትር፣ እንደሚደርስ ያስጠነቅቃሉ። ከአውቶቡስ ተራ ወደ ሰማይ የተለቀቀች አንዲት አረር ፒያሳ ድረስ ልትደርስ ትችላለች ማለት ነው። በመሀል ደግሞ መርካቶ አለ! ሸክም የያዘ፣ ልጅ ያዘለ፣ ሂሳብ የሚቆጥር ሕዝብ። «ወደ ላይ ነው የተኮስኩት» የሚባል ነገር እዚህ የለም። ላይ የወጣ ይወርዳል።

ታዲያ የቷን?

በሌላ አገር፣ ፈቃድና የተኩስ ሜዳ ባለበት የሚኖር ወገናችን ቢጠይቀን መልሳችን አጭር ነው። መጀመሪያ አንድ በአንድ የምትጎርሰውን፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ አድርጎ፣ በአሠልጣኝ ፊት። ከፊል አውቶማቲኳ ቆይታ ትድረስ፤ ስትደርስም ካዝናዋ ተነቅሎ የሚወጣው ለጀማሪ ትሻላለች። ጥይት መጉረሻዋን በዓይንም በጣትም ሳያይ ግን አያስቀምጣት።

ሰፈር ውስጥ ላለው ደግሞ የኦሊምፒኩ ሌላ በር አለ፤ የአየር ጠመንጃ። ባሩድ የላትም፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ናት፣ ከአሥር ሜትር ነው የሚተኮስባት፣ የአሥሩ ነጥብ መሀል ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ከ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ጀምሮ ወርቅ ይሰጥባታል። እሷም ብትሆን ዓይን ታጠፋለችና ፖሊስ ጠይቆ እንጂ ከሻንጣ ነጋዴ ላይ አፈፍ አድርጎ መግዛት የለም። በዚሁ በአየር መሣሪያ ዘርፍ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች በ51 ዓመቱ፣ ተራ መነጽር አድርጎ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ፓሪስ 2024 ላይ በድብልቅ የሽጉጥ ውድድር ብር ሲወስድ ዓለም አይቷል። የሚያስፈልገው ብዙ ጥይት አልነበረም።

ኳስም እኮ እንዲሁ ነው። ሃያ ጊዜ ወደ ጎል ሞክሮ ከሚሸነፍ ቡድን አንዷን አስቦ የሚያገባ ይሻላል። የጎል ሙከራ የበዛበት ግን ቢያንስ በሚቀጥለው ሳምንት ይካሳል፤ የጥይት የመልስ ጨዋታ የለውም።