የካውንቲው ድጋፍና የሚደወለው ስልክ

ሱቅ ያለው አንድ ወዳጄ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሽጉጥ ተደግኖበት ተዘረፈ። ዘራፊው ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። ከሳምንታት በኋላ ግን ያው ሰው በዋስ ተለቆ ሲጋራ ሊገዛ እዚያው ሱቅ ገባ። ወዳጄ «እንዴት አትነግሩኝም?» ብሎ ቢጠይቅ «ደውለናል» ተባለ። እውነታቸውን ነው፤ ተደውሎ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ባለቤቱ በእንግሊዝኛ የተቀዳ ድምፅ ስትሰማ ማስታወቂያ መስሏት ዘጋችው።

ይህንን ያነሳሁት የአሜሪካ ካውንቲዎችና የከተማ ምክር ቤቶች «የወንጀል ተበዳዮች መብት ይጠናከር» እያሉ የሚያወጡት የድጋፍ ውሳኔ ምን ፋይዳ እንዳለው ለማየት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በአገራችን የደም ሽምግልና የሟች ወገን ሳይቀመጥ ዕርቅ አይታሰብም። በዘመናዊው ፍርድ ቤት ግን ከሳሹ መንግሥት ነው፤ ተበዳዩ ሲፈለግ የሚጠራ ምስክር ብቻ ሆኖ ይቀራል። በካሊፎርኒያ ማርሲ ኒኮላስ የተባለች ተማሪ በ1983 በቀድሞ ፍቅረኛዋ ስትገደል፣ እናቷ ተከሳሹን ከሳምንት በኋላ ግሮሰሪ ውስጥ አገኙት። መለቀቁን የነገራቸው አልነበረም። ወንድሟ ሄንሪ ኒኮላስ ብሮድኮምን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። (እንደ እኔው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው፤ በገንዘብ ግን አንተዋወቅም።) በእሱ ገንዘብ የተገፋው «የማርሲ ሕግ» በ2008 በካሊፎርኒያ ሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ፤ ከዚያም ዘመቻው ወደ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች ተዛመተ። የካውንቲዎቹ ድጋፍ የሚሰበሰበው ለዚህ ነው።

በሕግ ዓይን ይህ ድጋፍ የሚለውጠው ነገር የለም። የክፍለ ግዛት ሕገ መንግሥት በካውንቲ ጭብጨባ አይሻሻልም። ይሁን እንጂ ተጠርጣሪው የሚታሰርበት እስር ቤት በአብዛኛው የካውንቲው ነው። ሸሪፉም፣ በብዙ ቦታ ዐቃቤ ሕጉም የሚመረጡት በአካባቢው ሕዝብ ነው። መብቱ የሚጻፈው በክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ቢሆንም የሚፈጸመው ወይም የሚከሽፈው እዚህ ታች ነው።

ለዚህ ከኬንታኪ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በታኅሣሥ 1993 በሉዊቪል ሜሪ ባይረን የተባለች ወጣት በ21ኛ ልደቷ ቀን ከሥራ ስትወጣ ተገደለች። ገዳዩ እሷን በመድፈር ተከስሶ የታሰረ የቀድሞ ፍቅረኛዋ ነበር። በዋስ ሲወጣ ማንም አልነገራትም። የጄፈርሰን ካውንቲ አስተዳደር በአንድ ዓመት ገደማ «ቫይን» የተባለውን ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ፤ የእስር ቤቱ ኮምፒውተር የአንድን እስረኛ መለቀቅ ሲመዘግብ ለተበዳዩ በራሱ የሚደውል መሣሪያ ነው። ተበዳዩ የሚስጥር ቁጥሩን ካላስገባ መልእክቱ እንደ ደረሰ አይቆጠርም፤ ስልኩ ደግሞ ደጋግሞ ይደወላል። ዛሬ አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ይጠቀሙበታል። ኬንታኪ የማርሲን ሕግ ያጸደቀችው ግን በ2018 ነው። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የድምፅ መስጫው ሙሉውን ጽሑፍ አልያዘም ብሎ በ2019 ሻረው፤ በ2020 እንደገና ጸደቀ። አንድ ካውንቲ በዓመት የሠራውን ሕገ መንግሥቱ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ደረሰበት ማለት ነው።

በተቃራኒው ሳውዝ ዳኮታ በ2016 ሕጉን ስታጸድቅ ካውንቲዎቹ ጥቃቅን ወንጀል ለደረሰበት ሁሉ ማሳወቅ ግዴታ ሆነባቸው። ወጪውና ሥራው ሲከብድ በ2018 ሕዝቡ አሻሻለው፤ ከዚያ ወዲህ ተበዳዩ መብቴን እፈልጋለሁ ማለት አለበት። ለእኛ ዓይነቱ ስደተኛ ይህ መፍትሔም ችግርም ነው፤ ምን እንደሚጠየቅ ያላወቀ ሰው አይጠይቅም።

የባሰም አለ። በፍሎሪዳ ሰው የተኮሱ ፖሊሶች «እኛም ተበዳይ ነን» ብለው ስማቸው እንዳይገለጽ ይህንኑ ሕግ ጠቀሱ። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ለማንም ስሙን የመደበቅ ዋስትና አይሰጥም ያለው በኅዳር 2023 ነው። ስለዚህ «ለተበዳይ» የተባለ ሁሉ ለተበዳይ ነው ብዬ እጄን አላወጣም። ተከሳሹም ገና አልተፈረደበትም፤ የእኛም ልጆች በዚያ ወንበር ይቀመጣሉ።

ካውንቲያችን እንዲህ ያለ የድጋፍ ውሳኔ ሲያቀርብ የምጠይቀው ስለ ስልኩ ነው፦ ማን ይደውላል? በጀቱ ስንት ነው? በየትኛው ቋንቋ? ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪዎችንም በቋንቋቸው ማገልገል ግድ ሆኖባቸዋል። የእኛ ካውንቲ እንዲህ ያለ ሕግ የለውም። ወዳጄ አሁን የስልኩን ምዝገባ በራሱ ቁጥር አዙሯል፤ ሚስቱም የማታውቀው ቁጥር ሲደወል አትዘጋም፣ እስኪያልቅ ታዳምጣለች።