ፀሐይ፣ መድኃኒት እና ጥፍር

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር በአምደወርቅ እና በሰቆጣ አካባቢ በአዝመራ ወቅት ማጭድ የያዘ እጅ ከማለዳ እስከ ማምሻ ለፀሐይ ክፍት ነው። ራሱን በባርኔጣ፣ ትከሻውን በጋቢ የሚከልል አርሶ አደር ጣቶቹን ግን አይሸፍንም። ለመኾኑ ጥፍር የፀሐይን ጨረር ያሳልፋል? ጉዳትስ ያስከትላል?

ጨረር በደጋ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአካባቢው ፀሐይ በዓመት ኹለት ጊዜ፣ በሚያዝያ እና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ ቀትር ላይ በአናት ትክክል ትውላለች። የደጋው ቀዝቃዛ አየር ያዘናጋል፤ ይህ ጨረር ግን በሙቀት አይታወቅም፤ ስስ ደመናም አያስቀረውም።

ጥፍር እንደ ጋሻ

ጥፍር እንደ ፀጉር እና እንደ ቀንድ ኬራቲን ከተሰኘ ፕሮቲን የተሠራ ነው። የእጅ ጥፍር ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢኾንም ቆዳን የሚያቃጥለውን አልትራቫዮሌት ቢ ከሞላ ጎደል ያግዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 የታተመ ጥናት አልትራቫዮሌት ኤ ከተባለው ጨረር ደግሞ በጥፍር የሚያልፈው ከ0.6 እስከ 2.4 በመቶ ብቻ መኾኑን አሳይቷል። ስለዚህ ፀሐይ ብቻዋን ጤናማ ጥፍርን እምብዛም አትጎዳም።

ጋሻው የሚረታው መቼ ነው?

አንዳንድ መድኃኒቶች ሰውነት ለጨረር ያለውን ስሜታዊነት ይጨምራሉ። በተለይ ዶክሲሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ተጠቃሽ ነው። ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ በአብዛኛው በዚህ መድኃኒት እና በሌላ ተጨማሪ መድኃኒት ለ6 ሳምንታት ይታከማል። መድኃኒቱ በደም በኩል ከጥፍር ሥር ወዳለው ሥጋ ይደርሳል፤ ሾልኮ የገባው ጥቂት ጨረር ሲያገኘው ሥጋውን የሚጎዱ ንጥረ ነገሮች ይፈጠራሉ።

በዚህ ጊዜ ጥፍሩ ከጫፉ በኩል ከሥጋው ይላቀቃል፤ የተላቀቀው ክፍል ይነጣል ወይም ወደ ቢጫነት እና ቡናማነት ይለወጣል፤ ሕመምም ሊኖረው ይችላል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይታያል። ለፀሐይ ያለው ተጋላጭነት ያነሰው አውራ ጣት ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

አሳሳቢው ነገር ሕመምተኛው ችግሩን ፈንገስ ነው ብሎ አላስፈላጊ መድኃኒት መውሰዱ፣ ወይም ደንግጦ የጀመረውን ሕክምና ማቋረጡ ነው። ብሩሴሎሲስ ሕክምናው ሳይጠናቀቅ ከተቋረጠ ሊያገረሽ ይችላል።

ምን ይደረግ?

ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ እጁን ከፀሐይ ቢከልል፣ በሥራ ላይም ጓንት ቢያደርግ ይመከራል። ብርሃን የማያሳልፍ የጥፍር ቀለምም ይረዳል። ጥፍሩ ከተላቀቀ አሳጥሮ መቁረጥ እንጂ መንቀል አይገባም። መድኃኒቱን ከማቆም በፊት ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ያዘዘውን ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ በግማሽ ዓመት ውስጥ በአዲስ ይተካል።

በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ወደ ዙሪያው ቆዳ የሚዛመት ጥቁር መስመር ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የካንሰር ምልክት ሊኾን ስለሚችል ሳይዘገዩ መታየት ይገባል።