የፓልመር አሉማ፦ ለአንዱ ጎመን፣ ለሌላው የጥጥ ማሳ ጠላት

በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች በበጋው እኩሌታ በጥጥና በአኩሪ አተር ማሳዎች አጠገብ የሚያልፍ ሰው፣ ከሰብሉ በላይ ተመዝዞ የቆመ ረጅም ተክል ማየቱ አይቀርም። ግንዱ ጸጉር የለውም፣ ብዙ ጊዜ ቀላ ይላል። አናቱ ላይ ያለው የአበባ ዘለላ ክንድ ያህል ይረዝማል። ሳይንሳዊ ስሙ አማራንተስ ፓልመሪ ሲሆን፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላው አሉማ የቅርብ ዘመዱ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የፓልመር አሉማ እያልኩ እጠራዋለሁ። ከሌሎች ዘመዶቹ ለመለየት ገበሬዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። ቅጠሉን ከግንዱ የሚያያይዘውን ዘንግ ወደ ቅጠሉ አጥፎ መለካት ነው፤ ዘንጉ ከቅጠሉ እኩል ወይም ከእርሱ የረዘመ ከሆነ፣ በእጅዎ የያዙት የፓልመር አሉማ ነው ማለት ይቻላል።

ስያሜው የመጣው ከኤድዋርድ ፓልመር ነው። በእንግሊዝ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ይህ ሰው በምዕራብ አሜሪካና በሜክሲኮ በረሃዎች እየዞረ እጅግ ብዙ የዕፅዋት ናሙና ሰብስቧል። የእጽዋት ሊቁ ሴሬኖ ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ተክሉን በስሙ ሰየመለት። ፓልመርን እኔ የማከብረው ግን ከናሙናዎቹ ይልቅ በሌላ ሥራው ነው። የሚያገኛቸው የአገሬው ሕዝቦች የትኛውን ተክል፣ እንዴት አዘጋጅተው እንደሚበሉ ጠይቆ እየመዘገበ፣ ያንንም እ.ኤ.አ. በ1871 ለንባብ አብቅቷል። በዚያ ዘመን የነዚያን ሰዎች ዕውቀት ከቁም ነገር የሚቆጥር ብዙ አልነበረም።

የተክሉ አገር በደቡብ ምዕራብ አሜሪካና በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ የተዘረጋው የሶኖራ በረሃና አካባቢው ነው። የቶሆኖ ኦኦድሃም፣ የኮኮፓ፣ የናቫሆና የሌሎችም ሕዝቦች እናቶች ለጋ ቅጠሉን ይቀቅሉት ነበር፤ ዘሩንም ቆልቶ መፍጨት የታወቀ ነበር። ቶሆኖ ኦኦድሃሞች የበጋው ዝናብ ሲጥል ጎርፉ በሚተኛበት ደለል ላይ በቆሎና ባቄላ ይዘሩ ነበር። ሰብሉ እስኪደርስ ገና ወራት ሲቀሩት፣ በዚያው ደለል ላይ ማንም ያልዘራው አሉማ ቀድሞ ይበቅል ነበር። የምግብ ክፍተቱን የሚሞላው እርሱ ነበር። ካልሲየም፣ ብረትና ፕሮቲን ያለው ቅጠል በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ከቤት ደጃፍ ይገኝ ነበር ማለት ነው።

በረሃ ውስጥ ዝናብ አጭር ስለሆነ እዚያ የሚኖር ተክል መቸኮል አለበት። የፓልመር አሉማም ይቸኩላል። እንደ በቆሎና ማሽላ በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ የፀሐይን ብርሃን ወደ ምግብ የሚለውጥበት ብርቱ ሥርዓት አለው፤ ቅጠሎቹ ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ ጋር ይዞራሉ፤ ሲመቸው በአንድ ቀን 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል፤ ቁመቱ ከ2 ሜትር ያልፋል። በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘርቶ ይሞታል። ከመሞቱ በፊት ግን አንዲት ሴቴ ተክል እስከ 600,000 ዘር ልታራግፍ ትችላለች። ዘሩ ጥቁርና አንጸባራቂ፣ ከጤፍ ብዙም የማይበልጥ ነው።

እንዲህ ያለውን ተክል ማዳበሪያ በጠገበ፣ ውኃ በማይጎድልበት ማሳ ውስጥ ማስገባት ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ሰው በከፈተለት መንገድ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ተጓዘ። በአንዳንድ ጥናቶች በብዛት የወረረው በቆሎ እስከ 91 በመቶ፣ አኩሪ አተር ደግሞ እስከ 79 በመቶ የሚሆነውን ምርት አጥቷል። የአሜሪካ የአረም ሳይንስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገው የባለሙያዎች ዳሰሳም፣ ከአገሪቱ አረሞች ሁሉ እጅግ አስቸጋሪው ተብሎ በአንደኛነት ተቀምጧል።

ለዚህ ያደረሰው የተክሉ ጉልበት ብቻ አይደለም። ግላይፎሴት የተባለው፣ የኛም ገበሬ ራውንድአፕ በሚል የንግድ ስሙ የሚያውቀው ፀረ አረም እ.ኤ.አ. በ1974 ገበያ ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ይህን ኬሚካል እንዲቋቋሙ ዘረ መላቸው የተለወጠ አኩሪ አተርና ጥጥ ተከታትለው መጡ። ገበሬው ሰብሉ በቅሎም ቢሆን ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ይረጫል፤ አረሙ ይሞታል፣ ሰብሉ ይቆማል። ሥራው ስለቀለለ ብዙዎች ሌላውን የአረም መከላከያ ሁሉ ትተው በየዓመቱ በዚሁ አንድ ኬሚካል ላይ ተደገፉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በጆርጂያ ግዛት በአንድ የጥጥ እርሻ ላይ ተረጭቶ የማይሞት የፓልመር አሉማ ተገኘ።

አመላለጡ በጣም ያስደንቃል። ግላይፎሴት የሚገድለው ተክሉ አንዳንድ አሚኖ አሲዶችን የሚሠራበትን አንድ ኢንዛይም አስሮ በማቆም ነው። ያ ኢንዛይም ከታሰረ ተክሉ ለዕድገቱ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን መሥራት አቅቶት ይደርቃል። የጆርጂያው አሉማ መርዙን አላፈረሰውም፣ ኢንዛይሙንም አልለወጠም፤ ኢንዛይሙ የሚሠራበትን ዘረ መል አባዛው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነ ጥናት፣ መርዙን በሚቋቋሙት ተክሎች ውስጥ የዚህ ዘረ መል ቅጂ ከመደበኛው ከ5 እስከ 160 እጥፍና ከዚያም በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ኢንዛይሙ ከመብዛቱ የተነሳ የተረጨው መርዝ ሁሉንም ማሰር አይችልም፤ በተረፈው ተክሉ ሥራውን ይቀጥላል።

በዚህ ላይ ተክሉ ወንዴና ሴቴ ሆኖ በተለያየ ግንድ የሚበቅል በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ዘር የሁለት ወላጆች ቅልቅል ነው። የወንዴው ብናኝ በነፋስ እየተጓዘ የመቋቋም ችሎታውን 300 ሜትር ርቃ ላለች ሴቴ እንደሚያደርስ በሙከራ ታይቷል። ማሳውን በጥንቃቄ የያዘ ገበሬም የጎረቤቱ ችግር በነፋስ ይደርስበታል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ፀረ አረም ኬሚካሎችም በየተራ ተሸንፈዋል።

ስለዚህ በጆርጂያና በአርካንሳስ የጥጥ ማሳዎች የእጅ አረማ ተመለሰ። ግዙፍ ትራክተር ያላቸው እርሻዎች መኮትኮቻ የያዙ ሠራተኞችን ቀጠሩ። ሴቴዋ ዘር ከያዘች ነቅሎ መጣልም አይበቃም፤ እርጥብ መሬት ላይ የተጣለች እንደገና ሥር ልትሰድ ስለምትችል ከማሳው ተሸክሞ ማውጣት ያስፈልጋል። ደግነቱ ዘሩ አፈር ውስጥ እንደ አንዳንድ አረሞች ለአሥርት ዓመታት አይቆይም፤ አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታል። ጠልቆ የተቀበረም መብቀል አይችልም። ለዚህ ነው አፈሩን አንድ ጊዜ በጥልቀት መገልበጥና ራይ የተባለውን እህል በክረምት ዘርቶ ገለባውን እንደ ምንጣፍ ማሳው ላይ መተው የሚመከረው። እኔን ያሳመነኝ ይህ መንገድ ነው። አንድ አዲስ ኬሚካል መጠበቅ ያው ታሪክ እንዲደገም መጠበቅ ነው።

ዘሩ የሚጓዝባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። በማጨጃ መኪና ጎድጓዳ ቦታዎች ይደበቃል፤ ከጥጥ ፍሬ ተረፈ ምርት ጋር ለከብት ቀርቦ በፍግ ይወጣል፤ ተሰዳጅ ዳክዬዎች በሆዳቸው ይዘውት ይበራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች ለንቦችና ለአእዋፍ መኖሪያ ይሁን ተብሎ በተዘራ የዱር አበባ ዘር ውስጥ ተቀላቅሎ ተገኘ። ተፈጥሮን ለመጠበቅ የተገዛ ዘር ነበር ይህን አረም ይዞ የመጣው። ዛሬ በብራዚልና በአርጀንቲና፣ በእስራኤል፣ በደቡብ አፍሪካና በቦትስዋናም አለ። ወደ አፍሪካ መግባቱ እህልና ዘር ከውጭ ለምታስገባ አገር ሁሉ ጉዳይ ነው። የተለያዩ የአሉማ ዝርያዎች ዘሮች በዓይን ሲታዩ እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ በኬላ ላይ ለመለየት የዘረ መል ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል።

መብላቱስ? ለጋው ቅጠል ዛሬም ጎመን ነው፤ በሜክሲኮ እንዲህ ያሉ የዱር አሉማዎች በዝናብ ወራት ገበያ ይወጣሉ። ነገር ግን ተክሉ ማዳበሪያ ከበዛበት አፈር ናይትሬትን ስቦ ያከማቻል፤ በድርቅ ሲጎዳ ደግሞ ክምችቱ ይብሳል። ብዙ የበሉ ከብቶች ሊመረዙበት ይችላሉ። ኦክሳሌት የተባለው ንጥረ ነገርም አለበት። በመሆኑም ለጋውን ብቻ ቀንጥሶ መቀቀል፣ የተቀቀለበትንም ውኃ መድፋት ይገባል። በጥጥና በአኩሪ አተር ማሳ ውስጥ የበቀለውን ግን ቀቅሎም መብላት አይገባም፤ የተረጨበትን ፀረ አረም ተቋቁሞ ቆመ ማለት ኬሚካሉ አልነካውም ማለት አይደለምና።