የእናት ሆድ መመታት በሚወለደው ሕፃን ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት

የእንጦጦን ጋራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ፥ የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን የሚወርዱትን ሴቶች አይቶ ያውቃል። ሸክሙ 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ይሆናል፤ ከተሸካሚዎቹም መካከል ነፍሰ ጡሮች ይገኛሉ። መንገዱ በዝናብ ሲያሟልጭ እንዲህ ያለች እናት በሆዷ ብትወድቅ፥ ጭቃውን አራግፋ «ደኅና ነኝ፤ ምንም አልሆንኩም» በማለት ጉዞዋን ትቀጥል ይሆናል። የዛሬው ንግግራችን የእናቲቱ ደኅና መሆን ለሕፃኑ ደኅንነት ማስረጃ የማይሆንበትን ምክንያት ለማስረዳት ነው።

ፅንስ ያለ መከታ የተተወ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ማኅፀን በዳሌ አጥንት ውስጥ ተከልሎ ይቀመጣል፤ የሽርት ውኃም ፅንሱን ዙሪያውን ከቦ የምቱን ኀይል ያበርድለታል። ነገር ግን እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ማኅፀን ከአጥንቱ በላይ ይወጣና በ5ኛው ወር ገደማ እስከ እምብርት ይደርሳል። ከዚህ በኋላ በሆድ ላይ ያረፈ ምት ማኅፀንንም ያገኘዋል።

ዋናው አደጋ የሚደርሰው በእንግዴ ልጅ ላይ ነው። ሕፃኑ ምግብና ኦክሲጅን የሚያገኘው ከማኅፀን ግድግዳ ጋር በተጣበቀው በእንግዴ ልጅ አማካይነት ነው። ማኅፀን ሲመታ ይሳሳባል፤ የእንግዴ ልጅ ግን እንደ እርሱ ሊሳሳብ ስለማይችል ከግድግዳው ሊላቀቅ ይችላል። ደሙ ከውስጥ ተጠራቅሞ ሲቀር ደግሞ ከውጭ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። እናቲቱ ብዙ ደም በፈሰሳት ጊዜ ሰውነቷ ወደ ማኅፀን የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ፥ እርሷ ገና ሳትዝል ሕፃኑ አስቀድሞ ሊታፈን ይችላል።

ጉዳቱ እንደ ምቱ ኀይልና እንደ እርግዝናው ወር ይለያያል። ብዙዎቹ ሕፃናት በደኅና ይወለዳሉ። ሌሎቹ ግን ያለ ጊዜያቸው፥ ክብደታቸው ከ2 ኪሎ ተኩል አንሶ ይወለዳሉ፤ ወይም ደም ያንሳቸዋል። ታፍነው የቆዩት አንጎላቸው ሊጎዳና በኋላ መቀመጥ፥ መሄድና መናገር ሊዘገይባቸው ይችላል። በማኅፀን ሳሉ የሚሞቱም አሉ።

ስለዚህ እርግዝናዋ 5 ወር የሞላት እናት ብትወድቅ፥ በመኪና አደጋ ብትጎዳ፥ ወይም፥ መናገሩ ቢያሳፍርም፥ በባሏ ብትደበደብ፥ ሕመም ባይሰማትም እንኳ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባታል። በዚያም ሐኪሞች ቢያንስ ለ4 ሰዓት ያህል የፅንሱን የልብ ትርታና የማኅፀኑን መኮማተር ይከታተላሉ። ደም ወይም ውኃ ቢፈሳት፥ ሆዷ ቢጠነክር፥ ምጥ ቢጀምራት ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ቢቀንስ ለጥቂት ጊዜም መዘግየት አይገባም። በመንገድም ሳለች በግራ ጎኗ ብትተኛ ይመረጣል። የደሟ ዓይነት አርኤች ኔጋቲቭ ለሆነች እናት በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ። በሰፈር የተለመደው ሆድን ማሳሸት ግን ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም።

እናቲቱ የደረሰባትን ነገር በምትወልድበት ጊዜም ለአዋላጇ ሳትደብቅ ብትናገር፥ ሕፃኑን የሚቀበሉት ሰዎች ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። ባልና ጎረቤትም ከባድ ሸክምን ከነፍሰ ጡር ጀርባ ላይ ማንሣትን እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ግዴታ ሊቈጥሩት ይገባል።