በሴቶች ዓለም አቀፍ የቴኒስ ቡድን ውድድር የክፍለ ዓለም ማጣሪያ አሠራር

በዓለም አቀፍ ውድድር የመጨረሻውን ግጥሚያ የሚመለከተው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ወደዚያ ግጥሚያ የሚያደርሰውን መንገድ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ጋዜጦችም ዋንጫውን ያነሣውን አገር ስም በትልቁ ይጽፋሉ እንጂ፥ ከወራት በፊት ጥቂት ተመልካች ባለበት አዳራሽ ተሸንፎ የቀረውን አገር እምብዛም አያነሡም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሴቶች የቴኒስ ቡድን ውድድር የክፍለ ዓለም ማጣሪያ የሚባለው እንዴት እንደሚሠራ መግለጽና፥ አሠራሩ ለተወዳዳሪዎች ሁሉ እኩል በር ይከፍት እንደ ሆነ በአንድ አገር ታሪክ መመርመር ነው። ለምሳሌ የተመረጠችው አገር ብሪታንያ ናት። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የውድድሩ አመጣጥ

ወንዶች ከ1900 ጀምሮ ዴቪስ ካፕ የሚባል የአገሮች ውድድር ነበራቸው። ለሴቶችም እንዲሁ ያለ ውድድር እንዲቋቋም አሜሪካዊቱ ተጫዋች ወይዘሮ ሃዘል ሆችኪስ ዋይትማን በ1919 አሳብ ቢያቀርቡ ተቀባይ አላገኙም። ወይዘሮዋ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ አንድ ዋንጫ ሰጡና፥ ከ1923 ጀምሮ የአሜሪካና የብሪታንያ ሴቶች በዚሁ ዋንጫ ይጋጠሙ ጀመር። አሳቡ በሙሉ የተፈጸመው ከአርባ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ሲያከብር፥ በ1963 «የፌዴሬሽን ካፕ» የተባለው ውድድር በለንደን ከተማ በኩዊንስ ክለብ ተከፈተ። የተካፈሉት አገሮች 16 ነበሩ፤ በመጨረሻውም ግጥሚያ አሜሪካ አውስትራልያን 2 ለ 1 አሸነፈች።

ተወዳዳሪዎቹ 16 ብቻ በነበሩ ጊዜ ማጣሪያ አያስፈልግም ነበር። ሁሉም በአንድ ከተማ ተሰብስበው፥ የተሸነፈው እየወጣ፥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ውድድሩ ያልቅ ነበር። እያደር ግን የአገሮቹ ቁጥር ስለ በዛ፥ ሁሉን በአንድ ሜዳ ማስተናገድ የማይቻል ሆነ። ስለዚህ በ1992 የክፍለ ዓለም ማጣሪያ ተቋቋመ። በ1995 ደግሞ የውድድሩ ስም «ፌድ ካፕ» ተብሎ አጠረ፤ ከፍተኛዎቹም አገሮች በአንድ ቦታ መሰብሰባቸው ቀርቶ፥ አንዱ በሌላው አገር ሜዳ እየሄደ እንዲጫወት ተወሰነ። ከ2020 ጀምሮ ውድድሩ በታዋቂዋ ተጫዋች በቢሊ ጂን ኪንግ ስም ይጠራል። በአሁኑ ዘመን የሚመዘገቡት አገሮች ከመቶ ይበልጣሉ።

፪. የማጣሪያው አሠራር

ዓለም ለዚሁ ውድድር በሦስት ትከፈላለች፤ ይኸውም አሜሪካ፥ እስያና ኦሴያንያ፥ አውሮፓና አፍሪካ ተብላ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል አገሮቹ እንደ ችሎታቸው በደረጃ ይመደባሉ። ከታችኛው ደረጃ አንደኛ የወጣው ወደ ላይ ያድጋል፤ ከላይኛው መጨረሻ የሆነው ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ዛሬ ከታች የጀመረ አገር በአንድ ዓመት ዘሎ ከላይ ሊደርስ አይችልም፤ መሰላሉን በየዓመቱ አንድ አንድ እርከን መውጣት አለበት።

በየደረጃው ያሉት ቡድኖች በአንድ ከተማ ተሰብስበው፥ በምድብ ተከፍለው፥ እያንዳንዱ ቡድን በምድቡ ካሉት ሁሉ ጋር ይጋጠማል። የሁለት አገሮች ግጥሚያ ሦስት ጨዋታ አለው፤ ሁለቱ የነጠላ፥ አንዱ የጥንድ ነው። በመጀመሪያ የየቡድኑ ሁለተኛ ተጫዋቾች፥ ቀጥሎ አንደኛዎቹ፥ በመጨረሻም ጥንዶቹ ይጫወታሉ። ከሦስቱ ሁለቱን ያገኘ አገር ግጥሚያውን ያሸንፋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሁለቱ የነጠላ ጨዋታዎች በአንድ ወገን አሸናፊነት ካለቁ፥ የጥንዱ ጨዋታ ምን ይጠቅማል? መልሱን በሚከተለው ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ሀ፥ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት አገሮች በአንድ ምድብ አሉ እንበል። ሀ ለን 3 ለ 0፥ ለ ሐን 2 ለ 1፥ ሐ ደግሞ ሀን 2 ለ 1 አሸነፉ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ግጥሚያ ስላሸነፉ በዚህ ሊለያዩ አይችሉም። የጨዋታ ቁጥር ሲታይ ግን ሀ ከ6 ጨዋታዎች 4፥ ሐ 3፥ ለ 2 ስላገኙ፥ አንደኛ የሚሆነው ሀ ነው። ለ በሀ ከተሸነፈ በኋላ «ነገሩ አልቋል» ብሎ የጥንዱን ጨዋታ በቸልታ ተጫውቶ እንደ ሆነ፥ የቸልታው ዋጋ በሳምንቱ መጨረሻ ይታወቀዋል።

የዚህ አሠራር ዋና ጥቅሙ የወጪው ማነስ ነው። ገንዘብ የሌለው አገር አንድ ጊዜ ብቻ ተጕዞ ብዙ ግጥሚያ አድርጎ ይመለሳል። ጕዳቱ ደግሞ የዓመቱ ተስፋ ሁሉ በጥቂት ቀኖች ላይ መውደቁ ነው። በዚያ ሳምንት የታመመች ወይም የተጐዳች ተጫዋች እስክትድን የሚጠብቃት የለም፤ አገሯ ሌላ ዕድል ለማግኘት እስከሚቀጥለው ዓመት መቈየት አለበት።

፫. የብሪታንያ ምሳሌ

ከማጣሪያ ማለፍ የሚያቅተው ድኻ አገር ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር የብሪታንያን ታሪክ ይመልከት። ብሪታንያ የዊምብልደን አገር ናት፤ በዚሁ ውድድር በ1967፥ በ1971፥ በ1972 እና በ1981 እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ደርሳለች። ይሁን እንጂ ከ1993 በኋላ ለ26 ዓመታት በገዛ ሜዳዋ አንድ ግጥሚያ እንኳ ሳታደርግ፥ በአውሮፓና አፍሪካ ማጣሪያ ውስጥ ስትመላለስ ኖራለች።

በዚያ ዘመን ከማጣሪያው አንደኛ መውጣት ብቻውን አይበቃም ነበር። ያሸነፈው አገር ከከፍተኛው ክፍል ሊወርድ ከተቃረበ አገር ጋር እንደገና መጋጠም ነበረበት፤ ይህም ግጥሚያ አምስት ጨዋታ ያለው ሆኖ ከሁለቱ አገሮች በአንዱ ሜዳ ይደረግ ነበር። ብሪታንያ በ2012 ከስዊድን፥ በ2013 ከአርጀንቲና፥ በ2017 ከሩማንያ፥ በ2018 ከጃፓን ጋር ተጋጥማ አራቱንም ጊዜ ተሸንፋለች። አራቱም ግጥሚያዎች የተደረጉት በተቃራኒው አገር ነው። በተለይ ከጃፓን ጋር የተደረገው ሁለት ለሁለት ሆኖ፥ በመጨረሻው የጥንድ ጨዋታ 3 ለ 2 ተፈጸመ።

በፌብሩዋሪ 2019 ማጣሪያው በባዝ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ሲደረግ ብሪታንያ አስተናጋጅ ሆነች። በዚያ የተሰበሰቡት ስምንት አገሮች ነበሩ፤ የሚያልፈው ግን አንድ ብቻ ነበር። ብሪታንያ በምድቧ ስሎቬንያን፥ ግሪክንና ሀንጋሪን ካሸነፈች በኋላ፥ በመጨረሻው ቀን ከሰርብያ ጋር ተጋጠመች። ኬቲ ቦልተርና ጆሀና ኮንታ ሁለቱን የነጠላ ጨዋታዎች ስላሸነፉ ውጤቱ 2 ለ 0 ሆነ። አገራቸው በአራት ቀን አራት ግጥሚያ ማድረጓን ስናስብ፥ ማጣሪያው ከችሎታ በተጨማሪ ምን ያህል የሰውነት ጽናት እንደሚጠይቅ እንረዳለን።

በአፕሪል ከካዛኪስታን ጋር የተደረገው ግጥሚያ ለለንደን ከተማ ደረሰ። ቦልተር በመጀመሪያው ቀን በዩልያ ፑቲንትሴቫ ተሸነፈች፤ በማግሥቱ ግን ዛሪና ዲያስን አሸንፋ ውጤቱን 3 ለ 1 አደረገችው። በዚህም ብሪታንያ ከማጣሪያው ወጣች።

፬. የሜዳው ጥያቄ

በውጭ አገር አራት ጊዜ መሸነፍ፥ በአገር ቤት አንድ ጊዜ ማሸነፍ! ይህን የተመለከተ ሰው «ነገሩን የሚወስነው ሜዳው ነው» ብሎ ቢፈርድ አያስደንቅም። ነገር ግን አምስት ግጥሚያ ለፍርድ ጥቂት ማስረጃ ነው፤ ተጋጣሚዎቹም እኩል ችሎታ አልነበራቸውም።

የ2025ቱ ውድድር ለዚህ ፍርድ ጥሩ መፈተኛ ይሆነናል። በዚያ ዓመት ለመጨረሻው ውድድር የሚያበቃው ማጣሪያ እንደ ክፍለ ዓለሙ አሠራር ተደርጎ ነበር፤ ይኸውም 18 አገሮች ሦስት ሦስት ሆነው በስድስት ከተሞች ተሰበሰቡ፤ የአንዱም ግጥሚያ ሦስት ጨዋታ ብቻ ሆነ። ከስድስቱ አስተናጋጆች ያለፈችው ጃፓን ብቻ ናት። በፖላንድ ከተማ በራዶም ዩክሬን፥ በብራቲስላቫ አሜሪካ፥ በብሪዝበን ካዛኪስታን፥ በኦስትራቫ እስፓኝ አለፉ። በሆላንድ ከተማ በሄግ ደግሞ ያለፈችው ራስዋ ብሪታንያ ነበረች። እንግዲህ በሰው ሜዳ አይሆንላትም የተባለችው አገር በሰው ሜዳ አሸነፈች ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር እንጨምር። ብሪታንያ በ2022 በፕራግ በቼክ ሪፑብሊክ 3 ለ 2 ተሸንፋ ከመጨረሻው ውድድር ቀርታ ነበር። ነገር ግን ውድድሩ በግላስጎ እንዲደረግ ስለ ተወሰነ፥ በአስተናጋጅነቷ ቦታ አግኝታ ከመጨረሻዎቹ አራት አገሮች አንዷ ሆነች። ስለዚህ ሀብታም አገር ትልቁን ጥቅም የሚያገኘው በገዛ ሜዳው በመጫወቱ ሳይሆን፥ በማጣሪያ ወድቆም እንኳ ለማስተናገድ ዐቅም ስላለው በሌላ በር መግባት በመቻሉ ይመስላል። እንዲህ ያለ ድግስ ለመደገስ ዐቅም የሌለው አገር ግን ያለው በር ማጣሪያው ብቻ ነው።

፭. መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው እንደምንረዳው፥ የክፍለ ዓለም ማጣሪያ ጠባብ በር ነው፤ ጠባብ ይሁን እንጂ ለሁሉ የተከፈተ ነው። በአንድ ከተማ፥ በእኩል ቀን፥ በሦስት ጨዋታ መጋጠም ወጪን ይቀንሳል፤ ሁለት ጐበዝ ተጫዋቾች ብቻ ያሉትን ትንሽ አገር ከትልቁ ጋር ትከሻ ለትከሻ ያስተካክለዋል። የሚያሠጋው የማጣሪያው ጥብቅነት ሳይሆን፥ ከማጣሪያው ውጭ የሚሰጠው ቦታ ነው። ስለዚህ አንድ አገር ቀረ ወይም አለፈ የሚል ወሬ ስንሰማ፥ ስለ ተጫዋቾቹ ችሎታ ከመፍረዳችን አስቀድሞ፥ ስንት ጨዋታ ተደረገ፥ በስንት ቀን፥ በማንስ ሜዳ፥ በየትኛውስ በር ገቡ ብለን መጠየቅ ይገባናል።